የፍንደቃ ምን?

በዚያ አገር አንድን ነገር ከመሥራት ይልቅ ስም ማውጣቱ ይከብዳል። የት አገር ነው ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ መግቢያው ላይ የተለጠፈውን ማንበብ አቅቶኝ ነው የገባሁት፣ ስወጣ ደግሞ ተነቅሎ ነበር። ትምህርቴ እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው። አራተኛን በመስኮት አይቻታለሁ፣ ደህና ክፍል ትመስላለች።

እዚያ ስኖር ሥራዬ ጌም ማጫወት ነበር። ምትኩ እባላለሁ። ሰው ሲወደኝ ምትኬ ይለኛል፣ ሲጠላኝም ምትኬ ይለኛል፣ የሚለየው ድምፁ ነው። ይሄን የማወራው፣ ያ ሁሉ ሰው ይወደው የነበረ ወርክሾፕ እንዴት እንደተዘጋ የተማሩ ሰዎች ብዙ ስለጻፉበት ነው። አንዱ ዝናቡ ነው ብሏል። ሌላው የወጣቱ ስንፍና ነው ብሎ ሁለት ቅጽ ጽፏል፤ ሁለት ቅጽ የሚጽፍ ሰው ስለ ስንፍና ከየት እንዳወቀ እንጃ። እኔ ግን በሩ ላይ ቆሜ ነበር።

ፍንደቃ የጌም ሳጥን ናት። ከቴሌቪዥን ጋር ታያይዟታላችሁ፣ ጆይስቲኩን ትይዛላችሁ፣ ስክሪኑ ላይ አንዲት ፍየል ገደል ለገደል ትዘላለች። በቃ ይሄው ነው። ግን አገሩ አበደላት። ሽማግሌዎች ወገባቸውን ይዘው ከፍየሏ ጋር አብረው ይዘላሉ። ባልና ሚስት ሲጣሉ አንድ ዙር ይጫወቱና የተሸነፈው ይቅርታ ይጠይቃል። ፍርድ ቤቱም ነገሩን ወደደውና የድንበር ክስ በሦስት ዙር፣ የድብደባ ክስ በአምስት ዙር ያልቅ ጀመር። አንድ ዳኛ በራሱ ችሎት ተሸንፎ ስድስት ወር ታስሯል። ጨዋታው ፍትሐዊ እንደነበር እስካሁን ይመሰክራል።

በወርክሾፑ የሠራቻት እትዬ ላቀች ናት። ሃምሳውን ያለፈች፣ መነጽሯ የጠርሙስ ቂጥ የሚያክል፣ በቀን አሥር ቃል የማትናገር ሴት ናት። እኔ የእሷንም ድርሻ እናገር ስለነበር ተስማምተን ነበር የምንሠራው። ፍንደቃ አገሩን ካዳረሰች በኋላ እትዬ ላቀች ሰባት ዓመት ጓዳ ገብታ ሌላ ሳጥን ሠራች። ከፍንደቃ ጋር የማትገናኝ ሌላ ናት። ፍየሏ ቀርታ ከተማ ሙሉ ሰው ይንቀሳቀሳል፤ ጆይስቲኩ ራሱ ትንሽ ስክሪን አለው፣ ቴሌቪዥኑን እናትህ ብትወስድብህ እጅህ ላይ ትቀጥላለህ። መጀመሪያ የሞከርኳት እኔ ነኝ። ምሳ ረሳሁ። እኔ ምሳ ረስቼ አላውቅም።

ከዚያ እትዬ ላቀች ሳጥኗን ይዛ ወደ ስም ሸንጎ ሄደች። የስም ሸንጎ አምስት ሰው ነው፣ በዓመት አንድ ዓርብ ብቻ ይቀመጣል፤ ስም ሲያስቡበት ይበላሻል ብለው ስለሚያምኑ አያበዙትም። ሰብሳቢው አቶ ደምመላሽ ናቸው፣ ሹመታቸው የስም አባት ይባላል። እትዬ ላቀች «ብራ» ትባልልኝ አለች። ብራ። አጭር፣ እኔ እንኳ ሳልሳሳት የምጽፋት። አቶ ደምመላሽ አሰቡበትና፣ አዲስ ስም ብናወጣላት ሰው ባዳ ናት ብሎ ይፈራታል፣ ዘመድነቷ ይታወቅ አሉ። ደግሞም የወርክሾፑ ታፔላ ላይ «ፍንደቃ» ከሚለው በፊት አንድ ፊደል የምታክል ባዶ ቦታ ነበረች። ሸንጎው ያቺን ቦታ ሲያይ ልቡ ሞቀ። አንድ «የ» ጨመሩባት። አዲሷ ሳጥን «የፍንደቃ» ተባለች።

የታፔላው ሠዓሊ ደግሞ ከሳጥኗ ይልቅ ጆይስቲኩን ወዶት ታፔላው ላይ እሱን ብቻ ሣለው። ሳጥኗ የት ሄደች ቢሉት ጥበብ ነው አላቸው፣ ተውት።

በመጀመሪያው ቀን በሩ ፊት ሰው ሞላ። ወይዘሮ ዘርፌ የምትባል የአትክልት ነጋዴ ከፊት ነበረች። ታፔላውን አነበበችና ወደ እኔ ዞረች።

«የፍንደቃ ምን?» አለችኝ።

«የፍንደቃ።»

«እሺ፣ የፍንደቃ ምኗ?»

«ምኗም አይደለም። ራሷ ናት። የፍንደቃ ነው ስሟ።»

«ምኗ ስለው እሱኑ ይደግማል። ክዳኗ ነው? ገመዷ ነው?»

«ሌላ ሳጥን ናት እኮ። አዲስ።»

«ታዲያ አዲስ ከሆነች የማን እንደሆነች ምን አስነገራችሁ? የእኔዋ ፍንደቃ ደህና ናት ልጄ፣ ምኗም አልጎደለ» ብላ ዘንቢሏን አንስታ ሄደች። ከኋላዋ የነበሩት ሁሉ አብረዋት ሄዱ፤ የእነሱም ፍንደቃ ምኗም አልጎደለም ነበር።

እንደዚህ ሆነ በየቀኑ። እኔ ስክሪኗን ከፍቼ እጫወታለሁ፣ ሰው ይሰበሰባል፣ ይስቃል፣ ይወዳታል፣ ከዚያ ስሟን ይሰማና ለፍንደቃው ዕቃ እንደማያስፈልገው ነግሮኝ ይሄዳል። አንድ ጠዋት ማልጄ መጥቼ «የ»ን በጭቃ ደፈንኳት። በዚያ ቀን የመጣው ሰው ሁሉ «ፍንደቃማ አለችን» ብሎ ሄደ። ጭቃውን መልሼ ጠረግኩ። ፊደሏ ካለችም አንድ ነው፣ ከሌለችም አንድ ነው። በሕይወቴ እንደዚህ ያለ ፊደል አላየሁም፣ እርግጥ ያየኋቸው ብዙ አይደሉም።

ጌም ሠሪዎችም ነበሩ፣ ለሳጥኗ ጌም የሚፈጥሩ። እነሱ ደግሞ ገዢ ይኑርና እንሠራለን ይላሉ። ገዢው ጌም ይኑርና እንገዛለን ይላል። ሁለቱም ትክክል ስለነበሩ ማንም ምንም አላደረገም።

አሁን ስለ ደወሉ ልንገራችሁ። በዚያ አገር ዕቃ ሲሸጥ ሻጩ በሩ ላይ የተሰቀለውን ደወል አንድ ጊዜ ይደውላል። አደባባዩ መሃል ጆሮ የሚባል ሹም አለ። ስሙ ጋሽ ስንሻው ነው፣ ሹመቱ ጆሮ። ጀርባውን ለሱቆቹ ሰጥቶ በርጩማ ላይ ይቀመጥና የሰማውን ይጽፋል። ዞር ብሎ ማየት ክልክል ነው፤ ዓይን ጉቦ ይቀበላል፣ ጆሮ አይቀበልም ተብሎ ተወስኗል። ደወሉ ሠላሳ ቀን ዝም ያለ ቤት የዕቃውን ስም ለማስቀየር ማመልከት ይችላል። አርባ ቀን ዝም ካለ ግን ይዘጋል። ሠራተኛው በዕጣ ሰው ወደጎደለበት ሙያ ይበተናል፣ ያንን ዕቃ የሠራ ሰው ደግሞ ዳግመኛ አይሠራውም። አንዴ ከተደወለ ቆጠራው ካንድ ይጀምራል። ይሄ ሕግ ወርክሾፑ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነበር። አርባዋን አውቃታለሁ፣ በቁጥር ነው የተጻፈችው። ሠላሳዋ በፊደል ነበረች፣ ዘለልኳት።

መጨረሻ የደወልኩት አንድ ጸጉር አስተካካይ ገዝቶን ነው። በሳምንቱ ተናዶ መጣ። ለካ ሰውዬው የፍንደቃ መቀመጫ ናት ብሎ ነው የወሰዳት፤ ከላይ ሲያስቀምጥባት አሮጌዋ እየተንሸራተተች አስቸገረችው። ከሱ በኋላ ደወሉ ዝም አለ። አሥር ቀን፣ ሃያ ቀን። እትዬ ላቀች በየጠዋቱ ደወሉን ቀና ብላ እያየች ትገባለች። ፊቷ አይከፋም፤ እንዲያውም ቀኑ በገፋ ቁጥር ደስ እያላት የሄደ ይመስላል። እኔ ያንን አይቼ፣ እያበደች ነው፣ አልኩ።

አንድ ረቡዕ ጠራችኝና «ምትኬ፣ እስከ ዓርብ ዝም እንበል» አለችኝ።

ያቺን ቃል በደንብ አስቡልኝ። እሷ ስለ ደወሉ ነበር። ዓርብ ሠላሳኛው ቀን ነው፣ ዓርብ ሸንጎው የሚቀመጥባት የዓመቱ አንድ ቀን ናት፣ ማመልከቻዋ ተጽፎ አልቋል። ሌላው ሠራተኛ ሁሉ አውቆታል፣ ማንበብ ይችላላ። እኔ ደግሞ በሕይወቴ ሙሉ ዝም በል ሲባል የምሰማው ስለ አፌ ነው። አፌን ዘጋሁ። እጄን ግን ማንም ዝም በል አላለውም።

ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ እትዬ ላቀች ነጠላዋን ላሳጥብ ብላ ቀድማ ወጣች። በሥራ ሰዓት ወጥታ አታውቅም። ተስፋ ቆርጣለች አልኩ። ያቺን ሴት ዕጣ ወጥቶባት ሌላ ሙያ ላይ ሳያት ታየኝ፤ ሰባት ዓመት የሠራቻትን ሳጥን ዳግመኛ አትነካም። አርባ እስኪሞላ ለምን እጠብቃለሁ? ወደ በሩ ሄድኩና ደወሉን ሰባት ጊዜ ደወልኩት። በየመሃሉ ትንሽ እየቆምኩ፣ ሰው የሚከፍልበትን ጊዜ እየሰጠሁ፤ ተንኮል ላይ ጥንቃቄ አለኝ። አደባባዩ መሃል ጋሽ ስንሻው ጀርባውን እንደሰጠ ሰባት ጊዜ ጻፈ።

ማታ ቤቴ ስገባ የኮራሁትን ያህል ኮርቼ አላውቅም።

ዓርብ እትዬ ላቀች በታጠበ ነጠላ ወደ ሸንጎው ሄደች። እዚያ የሆነውን በኋላ ከሌሎች ነው የሰማሁት። አቶ ደምመላሽ ማመልከቻውን ሳያነቡ በደስታ ተቀበሏት አሉ። ትናንት ባንድ ቀን ሰባት ተሸጧል፤ ስሙን ያልወደደ ሰው ይገዛል ወይ ብለው ጠየቋት። ሸንጎው ለራሱ አጨበጨበ። ከዚያ እስከሚቀጥለው ዓመት ተዘጋ።

ተመልሳ ስትመጣ በሩ ላይ እየተጫወትኩ ነበር።

«ትናንት ማን ገዛ?» አለችኝ።

 እስከ ዓርብ ዝም በል የተባልኩትን እየጠበቅኩ ነው ብዬ ልቀልድ ነበር፣ ፊቷን ሳይ ተውኩት።

«እኔ ነኝ እትዬ። ደወሉን።»

«ስንት ጊዜ?»

«ሰባት።»

«ለምን ሰባት?»

«ስድስት አነሰብኝ።»

መነጽሯን አውልቃ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፣ መልሳ አደረገችው፣ ወደ ጓዳ ገባች። ከዚያ በኋላ ሠራተኞቹ የሠላሳዋን ነገር አነበቡልኝ። ቀስ ብለው ነው ያነበቡልኝ፣ ደግ ሰዎች ናቸው።

እንግዲህ ምን ላድርግ? አንዴ አበላሽቻለሁ፣ ቢያንስ ቤቱ እንዳይዘጋ ብዬ መደወሌን ቀጠልኩ። በሳምንት ሁለት፣ ሦስት። አቶ ደምመላሽ ራሳቸው መጥተው ጨበጡኝና የ«የ»ን ነገር ያሰቡት በእንቅልፍ ልባቸው እንደሆነ ነገሩኝ። ገበያው ስለወደዳት ሥራው እጥፍ ይሁን ተብሎ ታዘዘ። ሠራተኛው እጥፍ ሠራ። ሳጥኖቹ መጋዘኑን ሞሉ፣ ከዚያ ጓዳውን፣ ከዚያ መተላለፊያውን፤ ወደ መጸዳጃ ቤት ስንሄድ በጎን ነበር የምንሄደው።

ሌሎች ሱቆች ይሄን ሲያዩ ቅናት ያዛቸው። መጀመሪያ ወንበር ሠሪው ታፔላው ላይ «የወንበር» ብሎ ጻፈ። ከዚያ «የመጥረጊያ»፣ «የባልዲ»፣ «የጫማ» መጣ። በወሩ አደባባዩ ላይ «የ» የሌለበት ታፔላ ጠፋ። ሰው ወንበር ሊገዛ ይመጣና «የወንበር ምን፣ እግሩ ነው?» ብሎ ጠይቆ ይሄዳል። መሸጥ ሲያቅታቸው እነሱም የራሳቸውን ደወል ይደውሉ ጀመር። ከጠዋት እስከ ማታ አደባባዩ ሲያቃጭል ይውላል። ጋሽ ስንሻው ላብ እያጠመቀው ይጽፋል። ያ ዓመት በአገሩ ታሪክ ከፍተኛ ሽያጭ የተመዘገበበት ሆኖ ሰልፍ ወጣ። በሰልፉ ብዙ ሰው በባዶ እግሩ ነበር።

ደወሉን የሰሙት ጌም ሠሪዎች አንድ ቀን ተሰብስበው መጡ። አንድ ገዢ ቤት ወስዳችሁ አሳዩን አሉ። ጸጉር አስተካካዩ ጋ ወሰድኳቸው። ሳጥኗ ላይ ዶሮ ተኝታ ነበር። አመስግነው ሄዱ፣ አልተመለሱም።

እኔ ውሸት አይከብደኝም። ይቺ ግን ከበደችኝ፤ እትዬ ላቀች አትሰድበኝም፣ አትቆጣኝም፣ በየቀኑ ማንም የማይነካውን ሳጥን ገጥማ ትጨርስና ክምር ላይ ታስቀምጣለች። አንድ ከሰዓት ጥፋቴን ላምንለት ወደ ጋሽ ስንሻው ሄድኩ። ከጀርባው ቆሜ፣ ጋሼ፣ የኛ ደወል ውሸት ነው፣ አልኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ፣ ሳይዞር።

«እንዴት አወቅክ?»

«ሰው ዕቃ ሲገዛ ተሸክሞ ይሄዳል አይደል? እግሩ ይከብዳል። ከናንተ ደወል በኋላ የሚሄድ እግር ሰምቼ አላውቅም።»

«ታዲያ ለምን ጻፍክ?»

«የተሾምኩት ለደወል ነው» አለኝ። «ለእግር የተሾመ የለም። ካለህ አምጣና አብረን እንቀመጥ፣ ብቻዬን ሰልችቶኛል።»

ይሄን ሄጄ ለእትዬ ላቀች ነገርኳት። አሥሩን ቃሏን ለሌላ ጊዜ ታስቀምጣለች ብዬ ነበር። ብሎን እየፈታች ሰማችኝና መፍቻውን እንደያዘች ወደ በሩ ወጣች። ወንበር ላይ ቆመች። የደወሉን መምቻ ፈትታ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

«ይዘጋል እኮ እትዬ» አልኳት።

«ይዘጋ።»

«ሰባት ዓመትሽ ነው።»

«ሰባት ዓመት የሠራሁት ሰው እንዲይዘው ነው ምትኬ። እዚህ ስቆልለው ልኖር አይደለም። ማንም ያልያዘውን ነገር ዛሬም ነገም ስሠራ እጄ እየጠላኝ ነው።»

ከወንበሩ ስትወርድ እጇን ያዝኳት። አልከለከለችኝም፣ አላየችኝምም።

አርባው ቀን ሲሞላ አቶ ደምመላሽ ከጸሐፊ ጋር መጡ። የተዘጋበት ምክንያት መጻፍ ነበረበት። ታፔላውን አዩ፣ ክምሩን አዩ፣ ደወሉን አዩ። «መምቻ በመጥፋቱ» ብለው አስጻፉ። የተማሩት ሰዎች ይቺን ወረቀት አግኝተው ቢሆን አንድ ቅጽ ይበቃቸው ነበር። ሳጥኖቹ እንደ ሕጉ አደባባዩ ላይ ወጡ፣ የፈለገ ይውሰድ ተባለ። ሕዝቡ መጥቶ ተሸከመ፤ አንዱ ለበርጩማ፣ አንዱ ለዱቄት ማስቀመጫ፣ አንዲት ሴት ሦስት ወስዳ አልጋዋን ከፍ አደረገችባቸው። ጋሽ ስንሻው በዚያ ቀን ምንም አልጻፈም፣ ግን አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሲሰማ ዋለ።

ዕጣው ለእትዬ ላቀች ገመድ ፈታይነት አወጣላት። ለእኔም ያው። ገመድ የሚፈተለው በሁለት ሰው ነው፤ አንዱ ከዚህ ጫፍ፣ አንዱ ከዚያ ጫፍ ይዞ በተቃራኒ ያከርራል። ጫፉን አንዱ ከለቀቀ ሁሉም ይፈታል። ሜዳው ላይ ሠላሳ እርምጃ ተራርቀን ከጠዋት እስከ ማታ እናከርራለን። «ያዝ» ትለኛለች፣ «አላላ» ትለኛለች። ሌላ የለም። በስሜ መጥራት ትታ ነበር። እኔም ቀልድ አምሮኝ እውጠዋለሁ፤ ሠላሳ እርምጃ ላይ ቀልድ ለመናገር መጮህ አለብህ፣ ቀልድ ደግሞ ሲጮኹበት ይሞታል።

ሁለት ወር ገደማ እንደሠራን አንድ ሽማግሌ በሜዳው ጠርዝ መጡ። በብብታቸው ሳጥን ይዘዋል፣ ዱቄት ጠርዟ ላይ ይታያል። እትዬ ላቀች ጋ ደርሰው ትንሽ ተነፈሱ።

«ያቺኛዋን የሠራሽው ሴት አንቺ ነሽ አሉኝ።»

«የትኛዋን አባባ?»

«ያቺኛዋን ነዋ። ፍንደቃ አይደለችም፣ ያቺኛዋን። የልጅ ልጄ ዱቄቱን ገልብጦ ገመዷን ቴሌቪዥኑ ላይ ቢሰካት ከተማ ሙሉ ሰው ወጣ። ሰፈሩ ሁሉ አሁን ያቺኛዋ ነው የሚላት። ያልወሰደው ሰው ይለምናል።»

እትዬ ላቀች ገመዱን እንደያዘች ቆመች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ሠላሳ እርምጃ ላይ ሆኜም አየሁት፤ ያቺኛዋ፣ ያቺኛዋ እያለች ቃሏን እየቀመሰቻት ነበር።

ለወንድማቸው አንድ እንድትሠራላቸው ጠየቋት። ቤቱ የተዘጋበት ሰው ዳግመኛ መሥራት እንደማይፈቀድለት ነገረቻቸው። ሽማግሌው ሕጉን ያውቁታል፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ግን አልሄዱም። ሳጥኗን ሣሩ ላይ አስቀመጡና ጆይስቲኩን ከኪሳቸው አወጡ።

«እሺ እንግዲያው አንድ ነገር ብቻ አሳዪኝ» አሏት። «ድልድዩ ጋ እደርሳለሁ። ሁሌ እዚያ እወድቃለሁ። ሦስት ሳምንት ሆነኝ፣ ይሄው እንቅልፍ አጣሁ።»

እሷ ሽማግሌውን አየች። ጆይስቲኩን አየች። የሽማግሌው ሁለት አውራ ጣት የነካው ቦታ ቀለሙ ለቆ ነጥቷል።

ወደ እኔ ዞረች። «ምትኬ» አለችኝ፣ «አንዴ።»

ጫፏን ለቀቀችው። ከጠዋት ጀምሮ ያከረርነው ገመድ በሜዳው ላይ እንደ እባብ እየተገለባበጠ ተፈታ፣ እስከ እጄ ድረስ። እሷ ሣሩ ላይ ቁጭ ብላ መነጽሯን ወደ ላይ ገፋች፣ ጆይስቲኩን ተቀበለቻቸው፣ ድልድዩ ላይ ሲደርሱ እንደማይሮጥ ትነግራቸው ጀመር። ብዙ ተናገረች። ቆጠርኳት፣ አሥርን አለፈች፣ መቶን አለፈች። አለቃችን ከሩቅ ገመዱ ምን ሆነ ብሎ ሲጣራ ሰማሁ። የእኔን ጫፍ ይዤ ቆምኩ፣ ምንም አላልኩም።